ሽምብራውን ሳተላይቱ አላወቀውም

ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው፤ ትምህርት አልቋል። የሳይንስ ክበባችን ልጆች በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ከአቃቂ ወዲያ ወደ ደቡብ የተዘረጋው ሜዳ ነው፤ ሴንቲኔል ሁለት የተባለው ሳተላይት ከሦስት ቀን በፊት ያነሳው። ጤፉ ደርሷል፣ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ወርቅማ ሆኗል። በዚያ ሁሉ ቢጫ መሃል ግን አራት አምስት ቦታ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ቁራጮች አሉ፤ በመቀስ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። አንዱ «መስኖ ነው» አለ። ሌላዋ «ኧረ ባሕር ዛፍ ነው» አለች። እኔም በልቤ ወደ መስኖው አጋድያለሁ። ከኋላ ቆሞ ዝም ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጣቱን ወደ አንዱ ቁራጭ ቀስሮ፣ «ቲቸር፣ ይሄኛው የአያቴ መሬት ነው። ሽምብራ ነው» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሆነን ሄድን። በታክሲ እስከ አስፋልቱ ማብቂያ፣ ከዚያ አርባ ደቂቃ በእግር። አያትየው ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁን። እውነትም ሽምብራ ነው፤ ጉልበት የማይደርስ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እዚህም እዚያም አበባ ያወጣ። ልጆቹ ከእኔ ቀድመው ጠየቁ፤ «አባባ፣ ጤፉ ሁሉ ደርቆ ይሄ እንዴት ለመለመ?»

«ጤፍ ዝናብ ላይ ነው የሚዘራው፣ ሐምሌ። ሽምብራ ውሃ ሲተኛበት አይወድም፣ ይበሰብሳል። እሱን የምንዘራው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ መስከረም። መሬቱ መረሬ ነው፤ ክረምቱን ሁሉ የጠጣውን ይዞ ይቆያል። ሽምብራው ያንን እየሳበ ያድጋል» አሉ። ከዚያ ቁጢጥ አሉና ከስንጥቁ ዳር አንድ ጓል ነቅለው አነሱ። ከላይ አመድ የመሰለ፣ ደረቅ። ከታች ጥቁር፣ ሲጨብጡት ጣት ላይ የሚጣበቅ። ጓሉን ለአንዷ ልጅ እጇ ላይ አስቀመጡላት፤ እሷም እስክንመለስ ድረስ አልጣለችውም።

ሳተላይቱ 786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ አረንጓዴውን አይቷል። ስሙን፣ መቼ እንደተዘራና ለምን እዚያ እንደበቀለ የነገሩን አያትየው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የክበባችን ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ምስሉን እናያለን፣ ሄደን እናረጋግጣለን፣ ከነቀኑና ከነቦታው እንጽፋለን። ይህን የምጽፈውም በሌላ ትምህርት ቤት ወይም በሌላ ሰፈር እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ፣ እኛ የባከንበት ላይ እንዳይባክን ብዬ ነው።

ብዙ ሰው የሳተላይት ምስል ሲባል ውድና የተቆለፈ ነገር ይመስለዋል። ዱሮ እንዲያ ነበር። ላንድሳት ከሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው በጁላይ 1972 እ.ኤ.አ. ከመጠቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምስሎቹ በገንዘብ ነበር የሚገኙት፤ የላንድሳት ሰባት አንድ ምስል 600 ዶላር ይሸጥ ነበር። በየትኛው የትምህርት ቤት በጀት? በ2008 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካኖቹ መዝገቡን በሙሉ በነጻ ከፈቱት። አውሮፓውያኑም በ2015 እ.ኤ.አ. ሴንቲኔል ሁለትን ሲያመጥቁ ከመጀመሪያው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ዛሬ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለውን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ አቃቂን ፈልጎ፣ ያለፈውን ሳምንት ምስል ለማየት የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው። ዳታ ግን ይበላል። ሙሉውን ፋይል ላውርድ ካላችሁ አንዱ ብቻ ወደ አንድ ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ እኔ በመጀመሪያው ወር የገዛሁት ፓኬጅ በሁለት ቀን ያለቀው በዚህ ነው። አታውርዱ። እዚያው ብራውዘሩ ላይ የምትፈልጉትን ቦታ ቆርጣችሁ እንደ ፎቶ አስቀምጡት፤ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው፣ ለክፍል ይበቃል።

ልጆቹ ሁልጊዜ «የእኛስ ሳተላይት?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የምድር ምልከታ ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥም ሁለተኛዋ፣ ከመጀመሪያዋ የምታንሰው፣ ተከተለች። ከእኛ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያየዋል። ሳተላይት የሚባለው ነገር ሌላ ዓለም ውስጥ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

የመጀመሪያውን ትምህርት የምሰጠው በገመድ ነው። 40 ሜትር ገመድ ይዘን ሜዳው ላይ 10 በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን እንሠራለን። የሴንቲኔል ሁለት አንድ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ ይህ ነው፤ መቶ ካሬ። ልጆቹን በሙሉ መሃል አስገባቸዋለሁ፣ ቦርሳቸውን ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ከዛፉ ሥር ይቆማል። «ሳተላይቱ ይህን ሁሉ በአንድ ቀለም ነው የሚያየው» ስላቸው ይገባቸዋል። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ወደ 70 ፒክስል ይሆናል። በላንድሳት ደግሞ ፒክስሉ 30 በ30 ስለሆነ ያው ሜዳ ስምንት ብቻ ነው። ስለዚህ «የግቢያችንን ችግኞች ከሳተላይት እንቁጠር» ብሎ መጀመር ልጆቹን ማሳዘን ነው። ቢያንስ የሁለት ሦስት ኳስ ሜዳ ስፋት ያለው፣ በእግር የሚደረስ ቦታ ምረጡ።

ሁለተኛው ትምህርት ቀለም ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን አብዝቶ ይመልሰዋል። ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል። ኤንዲቪአይ የሚባለው የልምላሜ ስሌት ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ቀንሶ ለድምራቸው ማካፈል ነው። ለምሳሌ የሽምብራ ማሳ ከቀዩ 0.05፣ ከኢንፍራሬዱ 0.45 ቢመልስ፣ ልዩነቱ 0.40፣ ድምሩ 0.50፣ ውጤቱ 0.8 ነው። ውሃው ቀይ 0.06፣ ኢንፍራሬድ 0.03 ቢሆን ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች 0.33 ገደማ። የደረቀ ጤፍ፣ ቆርቆሮና ኮረት መንገድ ደግሞ በሁለቱ መሃል፣ ወደ ዜሮ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንሠራው «ሒሳብ ለምን እንማራለን» የሚለው ጥያቄ ለዚያ ቀን ይቆማል።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ነገር ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ከላይም ከታችም አይታይም፤ ሴንቲኔል በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ የሚያነሳው ግን ደመና ነው። ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ከላይ የማናየውን ከታች ለመለካት የወሰንነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዝናቡን ልጆቹ በየቤታቸው ሊለኩ ተስማሙ። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃይላንዱን ከትከሻው በታች፣ ጎኑ ቀጥ ካለበት ላይ ትቆርጡታላችሁ፤ የተቆረጠውን አናት ክዳኑን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ መልሳችሁ ትከቱታላችሁ። እንዳይወድቅ ድንጋይ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቆማል። ከግድግዳም ከዛፍም መራቅ አለበት፤ ግድግዳው ሦስት ሜትር ከሆነ ቢያንስ ስድስት ሜትር። ጎኑ ላይ በማስመሪያ ምልክት ማድረግን አልመክርም፤ የሃይላንዱ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ትንሽ ዝናብ በጠራ ልክ አይነበብም። እኛ የምንለካው ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። የተቆረጠው አፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአፉ ስፋት 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በሲሪንጁ የተመጠጠው እያንዳንዱ 7.85 ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። የሁሉም ጠርሙስ አፍ እኩል አይደለም፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ለክቶ የራሱን አካፋይ በሲሪንጁ ላይ ይለጥፋል።

የሚነበበው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎቻችንም የሚያነቡት በዚያ ሰዓት ነው። ዝናብ ባይኖርም «0» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ለማስለመድ ወር ፈጅቶብኛል። ባዶ ቦታ «አልዘነበም» ነው ወይስ «አልተነበበም»? ከሁለት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም። በተጨማሪ ዝናቡ የጀመረበትና ያባራበት ሰዓት ይጻፋል። ይህ የኋለኛው ነው ያሳሳተን።

ከጃፓን በፌብሩዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. የመጠቀ ጂፒኤም የሚባል የዝናብ ሳተላይት አለ። የእሱንና የሌሎች ሳተላይቶችን ልኬት አጣምሮ የሚሠራው መረጃ በየግማሽ ሰዓቱ የት እንደዘነበ ያሳያል፤ ወርልድቪው በሚባለው የናሳ ድረ ገጽ ላይ ማንም ማየት ይችላል። ልጆቹ በቴሌግራም የላኩልኝን ሰዓት ከዚያ ጋር ማስተያየት ጀመርን። አልገጠመም። የእኛ ማስታወሻ «ዝናብ ከቀኑ 9 ሰዓት» ሲል ሳተላይቱ በዘጠኝ ሰዓት ደረቅ ያሳያል፤ ዝናቡን የሚያመጣው በአሥራ ሁለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። እኔ ለልጆቹ ሳተላይቱ ተራራማ አካባቢ ላይ ችግር እንዳለበት አስረዳኋቸው፤ የተናገርኩት በራሱ ውሸት አልነበረም፣ ለዚህ ግን መልስ አልነበረም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሠንጠረዡን ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ሳተላይቱ የሚዘገየው ለምንድነው ሁልጊዜ እኩል ሦስት ሰዓት የሆነው?» አለችኝ።

ሳተላይቱ አልዘገየም። እሱ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ የጻፍነው በሐበሻ ሰዓት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለት በፈረንጁ አቆጣጠር እዚሁ አዲስ አበባ 15 ሰዓት ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 12። በሁለቱ መሃል ያለው ሦስት ሰዓት እሱ ነበር። ዛሬ በክበባችን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው ይህ ነው፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ ሦስት ደምር። ከጠዋቱ አራት ተኩል 7:30 ይሆናል፣ ከቀኑ ዘጠኝ 12:00 ይሆናል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ብቻ ለብቻው ነው፤ እሱ 3:00 ነው። ቀኑም እንደ ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ ሐምሌ 12 ብሎ የጻፈ ልጅ ሳተላይቱን የሚፈልገው ጁላይ 19 ላይ ነው። እንደ እኛ በራስ ቀንና በራስ ሰዓት ለሚኖር ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓመት ድካም ያበላሻል። ልጆቹ በሐበሻ ሰዓት ይጻፉ፣ የሚያውቁት እሱን ነው፤ ግን ከጎኑ ሁለተኛ አምድ ይኑር፣ መቀየሩን ሌላ ሰው ይመልከትላቸው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው ልዩነት እውነተኛው ልዩነት ሆነ፣ ትምህርቱም ያን ጊዜ ጀመረ። በአንድ ነሐሴ ቀን አንዷ ቤት 28 ሚሊ ሜትር ለካች፣ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ የማትርቀው ጓደኛዋ 4። ሁለቱም ደግመው ለኩ፤ ልክ ናቸው። የዝናብ ሳተላይቱ መረጃ አንድ ፒክስል ጎኑ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱን ቤቶች፣ ትምህርት ቤቱንና ወንዙን አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ያ ቁጥር ለሁለቱም ቤት ልክ ሊሆን አይችልም። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል፤ በአንድ ከሰዓት የሚወርደው ግን ሰፈር ለሰፈር እንዲህ ይለያያል። ጎርፍ ደግሞ የሚመጣው በአማካይ አይደለም።

«የተማሪ ልኬት ማን ያምነዋል?» የሚለኝ ባልደረባ ብዙ ነው። በዳንግላ ወረዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውሃን ራሳቸው እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር አስተያይተው ጥራቱ ጥሩ ሆኖ አግኝተውታል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በአንድ የምርምር መጽሔት ታትሟል። ገበሬ የለካው ካገለገለ ተማሪ የለካውም ያገለግላል፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እስከተነበበና ዜሮው እስከተጻፈ ድረስ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነገር ነው።

ጥር ላይ ነበር። የሐይቁን ምስል ከፍተን ኤንዲቪአዩን ስናሰላ ግማሹ 0.7 ወጣ። ውሃ መሆን የነበረበት ቦታ የሽምብራ ማሳ ያህል አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ሐይቁ ሸሽቶ ሳር በቅሎበታል ብለው ጻፉ። ከአምስት ቀን በኋላ በመጣው ምስል ላይ አረንጓዴው ከምዕራቡ ዳር ጠፍቶ ምሥራቁ ዳር ላይ ተከምሯል። በአምስት ቀን ሐይቅ ሄዶ አይመለስም። ስለዚህ ሄድን።

እምቦጭ ነው። ከዳር ቆሞ ላየው ሜዳ ይመስላል፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ ያንን ማመን ያስቸግራል። የውሃው ሽታ ግን እንዲያምር አይተወውም። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ አጠገባችን መጥቶ ምን እንደምናይ ጠየቀ። አረንጓዴው ለምን ቦታ እንደሚቀይር እኛ ጠየቅነው። ገርሞት፣ «ነፋስ ነዋ የሚወስደው። ጠዋት እዚህ ነው፣ ማታ እዚያ ማዶ ይሄዳል» አለ። ሁለቱን ምስሎች አስፋፍተን ስንከራከር የሰነበትንበትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። የእሱም ቃል ከነቀኑ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተገደበ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የሚገቡት እዚያ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ ከእነሱ ጋር ይወርዳል። እምቦጩን የሚያደልበው በፍሳሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ አመቺ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን የሚችል አረም ነው። ከልጆቼ አንዷ ቤታቸው ከትንሹ አቃቂ ዳር ነው። ከሐይቁ ዳር ቆማ፣ «ከእኛ ሰፈር የሚወርደው እዚህ ነው ማለት ነው?» አለች። ነው። ካርታው ላይ ወንዙን ከቤቷ ጀምራ በጣቷ እስከ ሐይቁ ተከተለችው። ይህን ከመጽሐፍ ላስተምራት ስንት ዓመት ሞክሬ ነበር።

አባ ሳሙኤልን ለመከታተል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ኤንዲቪአይ ሳርንና እምቦጭን አይለይም። እኛ የያዝነው ዘዴ ይህ ነው፦ እምቦጩ ሳስቶ በነበረበት ጊዜ የተነሳ ምስል ፈልገን የውሃውን ዳርቻ አሰመርን፤ ከዚያ መስመር ውስጥ አረንጓዴ የሆነውንና ከምስል ምስል ቦታ የሚቀይረውን ብቻ እንቆጥራለን። አንድ ምስል ብቻ አይተን ምንም አንጽፍም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ውሃውን እንዳይነኩ፤ እኔ ጓንት ያለው ልጅ እንኳ እንዲነካ አልፈቅድም።

ስለ ከተማው መስፋት አጭር ነገር ልበል። ላንድሳት አምስት በ1984 እ.ኤ.አ. መጥቆ እስከ 2013 ስለሠራ፣ የእኛን ሜዳ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማየት ይቻላል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጨ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ረድፍ ማሳውን እንዴት እንደተካው ሁለት ምስል ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል፤ ማንም ያየዋል። ምስሉ ጣሪያውን ያሳያል። ማሳው የማን እንደነበረ፣ ያ ቤተሰብ አሁን የት እንዳለ አይናገርም። አንዲት ተማሪ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው የታተመውን ምስል ሲያዩት መጀመሪያ ምንም አልገባቸውም፤ ሰሜኑ ወደ ላይ ነው ብዬ ማስረዳቴም አልረዳቸውም። ልጅቷ ወንዙንና ቤተ ክርስቲያኑን ስታሳያቸው ግን ወረቀቱን አዙረው፣ «ወንዙ ይሄ ከሆነ እኛ እዚህ ነበርን» ብለው ጣታቸውን አሳረፉ። ጣታቸውን እስኪያነሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ለትልልቅ ሰዎች ምስል ሳሳይ ከወንዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ፣ ከአስፋልቱ ነው የምጀምረው፤ ወረቀቱንም እነሱ እንዳሻቸው እንዲያዞሩት እተዋለሁ። የሰው ቤት ሲፈርስ ያየ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ሊኖር እንደሚችልም መምህሩ አስቀድሞ ያስብ።

ከመውጣታችሁ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙ፤ የወረዳው ሰዎች ወይም የጥበቃ ሠራተኞች ስልክና ወረቀት ይዘው የሚዞሩ ልጆችን ሲያዩ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። እኛን አንድ ጊዜ ያለ ደብዳቤ አግኝተው ግማሽ ቀን አቁመውናል፤ ልጆቹ ደንግጠው ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። ቦታ ስትመዘግቡ የስልኩን ጂፒኤስ ከነጥብ በኋላ እስከ አራት አሃዝ ጻፉ፤ ያ 11 ሜትር ያህል ነው፣ አንድ ፒክስል ላይ ያሳርፋችኋል። የልጆቹን መኖሪያ ቤት ቦታ ግን ለማንም ስታጋሩ ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ አሳጥሩት፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ያደበዝዘዋል፣ ለዝናብ ሥራው አይጎዳም።

ሌላው ቀላል ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ጥቅምትን፣ ኅዳርንና ታኅሣሥን ምረጡ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ማሳውም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሴንቲኔል በእኛ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱ አራት ተኩልና አምስት ሰዓት መሃል ነው። ክበባችን በዚያ ሰዓት ትምህርት ላይ ስለሆነ፣ በሚያልፍበት ቀን አንድ ተረኛ ልጅ በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ሰማዩን ያያል፣ ደመናው ስንት እጁን እንደሸፈነው ይጽፋል። ምስሉ ሲመጣ የእሱን ማስታወሻ አጠገቡ እናስቀምጣለን።

የሽምብራው ባለቤት አያት ከመስቀል በኋላ በልጃቸው ልጅ በኩል መልእክት ልከውልኛል። ዘንድሮ ያንኑ ማሳ ግማሹን ምስር፣ ግማሹን ሽምብራ ዘርተውታል። ልጁ ድንበሩን በእግሩ ዞሮ አራቱን ማዕዘን መዝግቧል፤ የተዘራበትን ቀንም አያቱን ጠይቆ ጽፏል። ከዚያ በታች በእርሳስ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኅዳር ላይ ሳተላይቱ ሁለቱን ይለያቸው ይሆን?» አሁን ጥቅምት ነው። እየጠበቅን ነው።